ስድሳ ጠቃሽ፣ አንድ አንባቢ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነላት? ደረጃ መውጣት ትታ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ እንደማትተው አውቃለሁ። ብቻ ስትወጣ ከኋላዋ ሰው ይኑር። ባልሽስ አሁንም ዜና ሲያይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጨቃጨቃል? ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ትልቋን በተለይ። ባለፈው በስልክ «አክስቴ፣ ዶክተር ነሽ ግን መርፌ አትወጊ፣ መድኃኒት አታዢ፤ ታዲያ ዶክተርነትሽ ምኑ ላይ ነው?» ብላኝ መልስ አጥቼ ቀርቼ ነበር። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺ ንገሪልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ደህና የሚለው ቃል ያንስብኛል። ሰሞኑን ሳላውቀው እያንጎራጎርኩ ነው የምሄደው፤ የላብራቶሪያችን ጥበቃ «ዶክተር፣ ምን አግኝተሽ ነው?» እስኪለኝ ድረስ። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ገና «ሃሎ» ስልሽ «ባል አገኘሽ ወይ?» ብለሽ ወሬዬን ከወገቡ ትቆርጪብኛለሽ። በጽሑፍ ግን ልታቋርጪኝ አትችይም። ስለዚህ የተማሪዎችሽን የፈተና ወረቀት ወደዚያ ገፋ አድርገሽ ተረጋግተሽ አንብቢ።

ያ የመጀመሪያ ጽሑፌ ትዝ ይልሻል? ስንት ዓመት የለፋሁበት፣ በጆርናል የወጣ ጊዜ አንድ ቅጂ የላክሁልሽ? ርዕሱን አንብበሽ «ደስ ይላል» አልሽና ለትልቋ የደብተር መሸፈኛ አደረግሽው። አልተቀየምኩሽም፤ ከሌላው ሰው ሁሉ የተሻለ የጠቀመው አንቺን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሙቅ ውሃ ሲደፋበት ወይም ሻይ ሲያቃጥለው ቁስሉ ላይ ጎዝ የሚሉት ስስ ጨርቅ ይደረግና በፋሻ ይታሰራል። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ይፈታል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ እንደገና ይታሰራል። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ የተነሳውን ጎዝ ወደ ቅርጫት ሳይጣል ከነርሶቹ እየተቀበልኩ ላብራቶሪ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የሥራ ባልደረቦቼ «ጎዝ ለቃሚዋ» የሚል ስም ያወጡልኝ ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ጎዙ ላይ ምን አገኘሁ መሰለሽ? ቆዳ። ሲበቅል ያደረ ስስ አዲስ ቆዳ። በየጠዋቱ ፋሻ በፈታን ቁጥር ልጁ በስንት መከራ ያበቀለውን እኛ መልሰን እንነቅልበት ነበር። ቁስሉ ንጹሕ ከሆነና መግል ካልያዘ ፋሻውን ለጥቂት ቀን ብንተወው ቶሎ ይሽራል፤ ልጁም በየጠዋቱ አይሰቃይም ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ሠንጠረዥ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ቆየት ብሎ ግን መጠቀስ ጀመረ። በእኛ ሙያ ሰው ጽሑፍ ሲጽፍ «ይህን ያለችው እገሊት ናት» ብሎ ሥራሽን በዋቢነት ካሰፈረ ተጠቀስሽ ይባላል፤ ማዕረግ የሚገኘውም በዚያ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እያለ ስድሳ ገባ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ተባልኩ። ያን ቀን ደውዬልሽ «እንግዲህ ያለማግባት ሰበቡ አለቀ» ብለሽኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። መጀመሪያ «ልመረቅ»፣ ቀጥሎ «ጽሑፌ ይውጣ»፣ ከዚያ ደግሞ «ሰው ይጥቀሰው» እያልኩ አንቺንና እናታችንን ስንት ዓመት በተስፋ ቀለብኳችሁ።

ስድሳዎቹ በምን ጉዳይ እንደጠቀሱኝ ግን ከፍቼ አላየሁም። ቁጥሩን አይና ደስ ብሎኝ ወደ ማይክሮስኮፔ እመለሳለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ ለኔ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሩቅ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ከሚሠራ ሐኪም። «ክቡር ጌታዬ» ብሎ ይጀምራል። ምን ያድርግ፤ በዋቢ ዝርዝር ላይ የሚወጣው የአባባ ስም ስለሆነ ሰውዬ መስዬዋለሁ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ላለፉት ሁለት ዓመታት እርስዎን በልቤ ስረግም ኖሬአለሁ። ዛሬ የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።»

እታለም፣ እኔ እኮ ጎዝ ከመልቀም በቀር ሰው በድዬ አላውቅም። ደንግጬ ቁጭ አልኩና ቀጠልኩ። ለካ በሱ ክፍል በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፋሻ ሲፈታ የልጆቹ ጩኸት ከግቢው በር ላይ ይሰማል። ለምን በየቀኑ እንደሚፈታ ሲጠይቅ የሕክምና መመሪያው ነው ይሉታል። መመሪያውን ቢያይ «ፋሻ በየቀኑ ይቀየር» ይላል፤ ከሥሩ ዋቢ ተደርጎ የተጻፈው የኔ ሥራ ነው። እሱም ይህን ጨካኝ ሰውዬ ልክ አገባዋለሁ ብሎ ሙሉውን ጽሑፍ ፈልጎ አስመጣ። ሊጣላኝ አነበበው። እስከ መጨረሻው። ደብዳቤውን የዘጋው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ወይ እርስዎ መጻፍ አይችሉም፣ ወይ እኛ ሁላችን ማንበብ አንችልም። እርግጠኛ ለመሆን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎ መጻፍ ይችላሉ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥዬ ስድሳዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፤ ያኔ ሳቄ ቆመ። ስድሳዎቹ ሁሉ ፋሻ በየቀኑ መቀየር እንዳለበት ምስክር አድርገው የጠሩት እኔን ነው። የጽሑፌ መጀመሪያ ላይ አጭር ማጠቃለያ አለች፤ የማጠቃለያዋ የመጀመሪያ አረፍተ ነገር «የቃጠሎ ቁስል ፋሻ በየቀኑ ይቀየራል» ትላለች። ልማዱን ለመናገር ነው የጻፍኳት፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ እሷን ለማፍረስ የተጻፈ ነው። እነሱ ግን እዚያችው ላይ ቆሙ። ይህን ካንቺ የበለጠ የሚረዳ የለም፤ ተማሪ ሲኮርጅ ስህተቱን ሳይቀር ይገለብጣል እያልሽ ትስቂ የለ? እነዚህም ገጹን ሲጠቅሱ አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቁጥር ነው የጻፉት። ያንን ገጽ ከዚያው ጆርናል ላይ ሄጄ ገለጥኩት። ስለ ላም ጥርስ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ፣ የሌላ ሰው ላም። ያ ሁሉ ሊቅ የሕፃናት ቃጠሎን ከላም ጥርስ ላይ እያነበበ ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነገሩን መተው አማረኝ። ማዕረጌ የቆመው በስድሳዎቹ ላይ ነው። የተከበርኩት ባላልኩት ነገር ነው ብዬ ማን ፊት እቆማለሁ? ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ ውስጥ ጩኸት ይሰማኝ ጀመር፤ ያላየኋቸው ልጆች፣ በስሜ የሚፈታ ፋሻ። በሦስተኛው ቀን መልስ ጻፍኩለት፦ «ጌታዎ ሳልሆን እመቤትዎ ነኝ። መጻፍ መቻሌን ስለመሰከሩልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ምን እናድርግ?»

ደብዳቤው እንደደረሰው ደወለ። «እመቤት» በሚለው አፍሮ እንደሆነ እንጃ፣ መጀመሪያ ላይ ንግግሩ ሁሉ «እ... እ...» ነበር። ኋላ ግን ስለ ጎዝ ጀመርን። ስለ ጎዝ ያን ያህል ማውራት እንደሚቻል እኔም አላውቅም ነበር። በማግስቱም አወራን። ከዚያ በኋላ የማንደዋወልበት ቀን ሲኖር ምክንያቱን እንጠያየቅ ጀመር፤ ለሥራው ሲባል ነው።

ደጋግሞ ወደዚህ መጣ። ቁጡ ሰው ነው፤ ልጅ አለቀሰ ሲሉት ደም ሥሩ ይገታተራል፤ ስለዚህ «ቁጡው» እለዋለሁ፤ እሱም ይወደዋል። ሸሚዙን የሚተኩሰው ከፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ ጀርባዬን ማን ያይብኛል ባይ ነው። እኔ ግን አየሁት።

አብረን ተቀምጠን የጥቅሱን ውሃ ወደ ምንጩ ተከተልነው። ይህ ከዚያኛው ገለበጠ፣ ያኛው ከዚያ በፊት ከነበረው ገለበጠ። በመጨረሻ የላም ጥርሱን ገጽ መጀመሪያ የጻፈው ማን ሆኖ ተገኘ? አባ ዋቢ።

አባ ዋቢን አታውቂያቸውም፤ እኔን ያስተማሩኝ ትልቁ መምህሬ ናቸው። ያለ ዋቢ «ዝናብ ዘነበ» እንኳ አይሉም፤ ስማቸውም የወጣው ለዚህ ነው። «ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ» የሚለው ቃላቸው ዛሬም ከትውልድ ትውልድ ይተላለፋል። አገሩ ሁሉ የሚማርበት የመማሪያ መጽሐፍ የሳቸው ነው፤ ጉዱም የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ፣ መመሪያውን የሚያሻሽለው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ስብሰባው ሊደርስ ነበር፤ የዚያን ቀን ካልተለወጠ መመሪያው እንደገና ታትሞ ለስንት ዓመት ይቀመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በዚህ የተነሳ ከቁጡው ጋር ተጣላን። እሱ ስማቸውን ጠቅሰን ሁሉንም በጆርናል ላይ እናውጣው አለ። እኔ ደግሞ ያስተማረኝን ሽማግሌ አደባባይ ላይ አላዋርድም አልኩት። «ልጆቹስ?» አለኝ። ስልኩ ለአንድ ሳምንት ዝም አለ። ያ ሳምንት፣ እታለም፣ ረጅም ነበር፤ ምግብም ጣዕም አልነበረውም፤ ሥራ ስለበዛ ይመስለኛል። በሳምንቱ ሳይነግረኝ መጥቶ የላብራቶሪው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቤታቸው ሄደን እንንገራቸው፣ ካልሰሙን ግን እጽፋለሁ አለ። ሸሚዙ ጀርባውም ተተኩሶ ነበር።

ባለቤታቸው በር ከፈቱልን። ሳሎኑ መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው፤ የምንቀመጥበት ወንበር ላይ ያለውን ክምር እኛው አንስተን መሬት አስቀመጥነው። አባ ዋቢ አርጅተዋል፤ ሲያዩኝ ግን «ጎዝ ለቃሚዋ መጣች» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ምንም አላብራራንም። ጽሑፉን አቀረብኩላቸውና እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን ለመንኳቸው። ማጉያ መነጽራቸውን አንስተው ጀመሩ። የቀረበልን ሻይ በረደ። ቁጡው ለጠብ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው፣ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀምጧል። እሳቸው ጨርሰው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ ከዚያ ተነስተው የራሳቸውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ያችን መስመር ፈልገው አገኟት፣ መጽሐፉንም ቀስ ብለው ዘጉት።

«ልጄ፣ ይህን ጽሑፍሽን ያነበብኩት ዛሬ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉ።

እኔ አለቀስኩ። ካፈርኩበት ይልቅ ደስ ያለኝ ይበልጣል፤ ከስድሳ ጠቃሽ በኋላ አንብቦ ጥሩ ነው ያለኝ ሁለተኛው ሰው ናቸው። ስለ ላም ጥርሱ ስነግራቸው ደግሞ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ለራሳቸውም እንደማይነበብ ባለቤታቸው መሰከሩ። ስለ ኮሚቴው ግን ምንም ቃል አልሰጡንም። ልተኛበት ብለው ሸኙን። ዕድሜ ልኩን «አንብቡ» ሲል የኖረ ሰው አላነበብኩም ብሎ ሊቆም? ማንን እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቁታል?

የስብሰባው ቀን ሁለታችንም ተጋብዘን ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጥን። አንድ የኮሚቴ አባል ወዲያው ተነሱብን። እኔ የማቀርበው አንድ ጽሑፍ ነው፣ በየቀኑ ይቀየር የሚሉት ግን ወደ ስድሳ ናቸው፣ ታዲያ አንድ ስድሳን ያሸንፋል ወይ አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ቁጡው ተነሳ፤ ይጮሃል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኸም።

«ስድሳ ምስክር የለም» አለ። «ያለው አንድ ምስክር ነው፤ እሷም ይህችው ናት፤ የጠየቃት ግን የለም።»

ያኔ አባ ዋቢ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። ለመቆም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም ሊያግዛቸው አልደፈረም።

«የመጀመሪያው ኮራጅ እኔ ነኝ» አሉ። «የዚችን ልጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አንብቤ መጽሐፍ ጻፍኩበት። እናንተ ደግሞ እኔን አምናችሁ ገለበጣችሁ። እኔ ሳርም ዜሮ የምሰጠው እንዲህ ላለው ነው። አሁን ሁላችሁም ፊታችሁ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ሳይነበብ ድምፅ አይሰጥም።»

አነበቡ፣ እታለም። ያን ሁሉ ባለ ማዕረግ ሰው እንደ ፈተና ክፍል አቀርቅሮ የኔን ጽሑፍ ሲያነብ አየሁ። ገጽ ሲገለጥ ይሰማል። አንዳንዱ ቀና ብሎ ያየኝና ተመልሶ ያቀረቅራል። የተነሱብን ሰውዬ መጨረሻ ላይ እጃቸውን ከሁሉ አስቀድመው አወጡ። መመሪያው ተለወጠ።

ወጥተን ደረጃው ላይ ተሰነባበትን። ቁጡው በዚያው ቀን ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በሱ ክፍል የሆነውን የሰማሁት ባለፈው ሰኞ ጠዋት ነው። ካፖርቴን እየለበስኩ ሳለ ደወለ። «ስሚ» አለኝና ስልኩን ከአፉ አራቀው። ጠበቅሁ። ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። የነርስ ነጠላ ጫማ። አንድ ልጅ አሳለ። ሌላ ምንም የለም። ግራ ገብቶኝ ምንም አይሰማም አልኩት።

«ሁለት ሰዓት ነው» አለኝ።

እታለም፣ ካፖርቴን ግማሹን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ዝምታ አብረን ሰማነው። ልጆቹ ተኝተው ነበር። በሕይወቴ ብዙ ተመስግኜአለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ማዕረጌን አልነጠቁኝም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ስድሳዎቹ ቢቀነሱ ምን ቀረሽ ብሎ ሲቀልድብኝ ሰነበተ እንጂ። የቀረኝን ልንገርሽ? አባ ዋቢ በጆርናሉ ላይ አንድ ገጽ እርማት አወጡ፤ ስሜን ከነአባባ ስም ጽፈው፣ ገጹን አስተካክለው፣ ያልኩትን በትክክል ጠቅሰው። ስድሳ ነበረኝ፤ አሁን አንድ አለኝ። በፊት ካዘለለኝ ይልቅ ይህ ያዘልለኛል።

አሁን ወደ ሌላው ወሬ ልምጣ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ እዚያ ሆስፒታል ሄጄ ልሠራ ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ፋሻው ሲቆይ ልጆቹ እንዴት እንደሚሽሩ መከታተል አለበት፤ ማይክሮስኮፔንም ይዤ ነው የምሄደው። ለምን ያህል ጊዜ ነው እንዳትይኝ፤ ቁስል ቀስ ብሎ ነው የሚሽረው፣ ቆዳም በጥድፊያ አይበቅልም፤ ጥናቱ ረዘም ይላል።

ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ቤታችሁ እንደተዘጋ ልጠይቃችሁ እመጣለሁ። ቁጡውም ይመጣል፤ መንገዱ በእናንተ በኩል ስለሆነ ነው። መንገዱ በእናንተ በኩል አለመሆኑን ባልሽ ካርታ አውጥቶ እንዳይነግረኝ አደራ። ረጅም ስለሆነ ሶፋው አይበቃውም፤ ወንበር ቀጥዪበት። ሲበላ አያወራም፤ ተቀይሞ አይደለም። ልጆቹ ቢጮሁበት ግን አይቆጣም፤ እሱ የሚቆጣው ልጅ ሲጮህ ዝም ብሎ በሚያይ ሰው ላይ ነው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽ የሳቅ ቤት ይሁን፤ ልጆችሽ ከጉልበትሽ ሥር አድገው ከራስሽ በላይ ይሁኑልሽ። እናታችንን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ምርቃቷንም ከአሁኑ ታዘጋጅ፤ በርከት አድርጋ፤ ለሁለታችን እንዲበቃ። ማን ነው የሚመጣው ብላ ከጠየቀችሽ የሥራ ባልደረባዋ ነው በያት። አታምንሽም። አንቺም ብትሆኚ ስትነግሪያት ሳቅሽን ያዢ።

የምትወድሽ ታናሽሽ